ዋጋሪ ኮቱን የሰጠ ጊዜ

ነቀምት፣ ኅዳር 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለመገርሳ፣

አካም ጅርታ? አንተስ፣ የሺወርቅስ፣ ልጆቹስ፣ ላሚቱስ ሳትቀር እንዴት ናችሁ? እኔ ከእግሬ በቀር ደኅና ነኝ። እግሬማ፣ ከሱቄ ደረጃ ላይ የአቡጀዲ ጣቃ ተሸክሜ ስወርድ አዳልጦኝ ተሰበረ። አሁን እስከ ጭኔ በጄሶ ተለስኜ እንደ አዲስ ግድግዳ ተገትሬልሃለሁ። ሲስተር ቀለሟ ከሆስፒታሉ እየመጣች ታየኛለች። «እስከ ዐቢይ ጾም መንቀሳቀስ የለም» ብላኛለች። ምን ቸገረኝ? የሰፈሬ የባኬ ጃማ ሰው ወሬውን አልጋዬ ድረስ ያመጣልኛል። ቆሜ ከማውቀው ተኝቼ የማውቀው በለጠ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ወንድሜ ደረሳ ሲሞት ዋጋሪ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ሆኖ እጄ ላይ እንደወደቀ ላንተ አልነግርህም። ከማኅበረ ምእመናናችን ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው እሱ መሆኑንም ታውቃለህ። ደብዳቤው የመጣ እንደሆነ እሑድ ከስብከቱ በኋላ ተነሥቼ ለጉባኤው አነብባለሁ። አሁን ደግሞ ጎረምሶቹ በወንበር ተሸክመው ይወስዱኛል፤ እንደ ንግሥት። ሰዉ ሃሌ ሉያ ይላል። ሽማግሌው ኦቦ ዱቤ «የእኛ ልጅ! የእኛ ልጅ!» እያለ መቋሚያ እስኪያምረው ይወዛወዛል።

ታዲያ ሰሞኑን ምን ነካው? «ደኅና ነኝ፤ በርቱ፤ ጸልዩልኝ» ብቻ ነው የሚጽፈው። እስቲ ሦስት መስመር ይዤ ጉባኤ ፊት ምን ላንብብ? አንተ በቅርብ አለህ፤ እሑድ እሑድ ምሳ የሚበላው እናንተ ጋ ነው። አነጋግረውና ምን እንደሆነ ጻፍልኝ።

ማርና ጭኮ በሾፌሩ በመሸሻ እጅ ልኬያለሁ። ለልጁ የተላከውን ለልጁ ስጠው፤ አውቅሃለሁ፣ ጭኮ ስታይ ሕግ አታውቅም። ደግሞ «እርስዎ» እያልክ አታስረጀኝ።

እህትህ ድርቤ ዋቅወያ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ድርቤ ዋቅወያ፣

ከነቤተሰቤ የአክብሮት ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ስለ እግርዎ መሰበር የተሰማኝን ኀዘን በትሕትና እገልጻለሁ። መልሴ የዘገየው በመሥሪያ ቤቴ የመዝገብ ማጣራት ሥራ ስለነበረብኝ ነው።

የልጃችን የዋጋሪ ደኅንነት አያሳስብዎ። ትምህርቱ ስለ ከበደበት ጥቂት ከስቷል። ባለፉት እሑዶችም አልመጣም፤ የጥናት ጊዜ ስላነሰው ይመስለኛል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነውና እንደ እኛ ዘመን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ አይደለም። ማሩ ደርሶናል። ጭኮውም ደርሷል፤ ለባለቤቱ ተሰጥቷል፣ በአብዛኛው።

«እርስዎ» ማለቴን ስለማልተው ይቅርታ።

ታዛዥ ወንድምዎ መገርሳ

እትዬ ድርቤ፣ እኔ የሺወርቅ ነኝ። ፖስታውን ከማሸጉ በፊት ቀድሜው ነው ይህን የምጽፈው። መገርሳ «ጥቂት ከስቷል» አለ፤ ልጁ እኮ አጥንቱ ይቆጠራል። ባለፈው ጊዜ የመጣ ዕለት ጉርሻ አጉርሼው፣ አላምጦ መዋጥ አቅቶት አየሁት። ልጆቹ ይጠሩታል፣ አይሰማም። ዓይኑም እንቅልፍ ያየ ዓይን አይደለም። ጠበል ልወስደው ነው ብል መገርሳ «እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ ትቀያየሚያለሽ» አለኝ። እርስዎ ይፍረዱ።


ነቀምት፣ ጥር 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድሜ መገርሳ፣

ሃሌ ሉያ ብዬ ልጀምር! የየሺወርቅን ቃል ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን እዚህ ነቀምት ምን እንደተደረገ ልንገርህ።

መሸሻ ከአውቶቡሱ ላይ አንድ ትልቅ ጥቅል አውርዶ አመጣልኝ። ብፈታው የዋጋሪ ጥቁር ካፖርት፣ የአባቱ የእጅ ሰዓት፣ የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት። ኮቱን ለጎረቤታችን ልጅ፣ መዝገበ ቃላቱን ለትምህርት ቤቱ፣ ሰዓቱን «ላንቺ፣ ለአክስቴ ለአዳዳ» ይላል። የላክሁለትንም ገንዘብ እንዳለ መልሶታል፤ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብሎ። እስቲ ገንዘብ የማያስፈልገው ተማሪ አይተህ ታውቃለህ? ደብዳቤው ደግሞ ረዥም ነው፤ የበደላቸውን ሁሉ በስም እየጠራ ይቅርታ ይለምናል። በልጅነቱ ማንጎ የሰረቀባትን ሴትዮ እንኳ አልረሳትም።

እሑድ ቆሜ፣ ማለቴ ተቀምጬ፣ አነበብኩት። ጉባኤው አለቀሰ። የማንጎዋ ሴትዮ ተነሥታ «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ዛፉንም ይውሰደው!» አለች። ኦቦ ዱቤ «መንፈስ ወርዶበታል፤ ያለውን ሁሉ ሰጠ» ብሎ እንባውን በጋቢው ጠረገ። ሲመለስ ሰባኪ እናደርገዋለን ተብሎ ተወስኗል፤ እሱን ማን ጠየቀው?

ሃሌ ሉያ ያላለች ቀለሟ ብቻ ናት። ጄሶዬን እያንኳኳች «አዲስ አበባ በጥር ይበርዳል፤ አሁን ምን ለብሶ ነው?» አለችኝ። ነርስ ስትባል ደስታ ላይ ውሃ መጨመር ትወዳለች ብዬ ተቀየምኳት።

እህትህ ድርቤ


አዲስ አበባ፣ ጥር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ድርቤ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከእርስዎ ደብዳቤ ሳልጠብቅ የምጽፈው የምሥራች ስላለኝ ነው። ለዚህም አስቀድሜ የደበቅሁትን ልንገርዎ። ዋጋሪ የኅዳሩን ፈተና ወድቆ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ነበር። እኔ ዘንድ መጥቶ አልቅሶ «ለአዳዳ እንዳትነግር» ብሎ አስማለኝ። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ።

አሁን ግን ሁሉም አልፏል። ባለፈው እሑድ ሳንጠብቀው መጣ። ፊቱ በርቷል፣ ሸሚዙ ታጥቧል፣ እንዲያውም ሳቀ። ለልጆቼ ብዕሮቹን አከፋፈላቸው። የሺወርቅን «ስለ ምሳው ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲጎነበስ እሷ ደንግጣ ወጡን አፈሰሰችው። ካፖርቱን ስላላየሁ «አይበርድህም ወይ?» ብለው «አሁንስ አይበርደኝም፣ ጋሼ» አለኝ። በሚመጣው እሑድ አትጠብቁኝም ብሏል።

የሺወርቅ ከሄደ በኋላ «ይህ ልጅ አላማረኝም» አለች። ሲያለቅስ አላማራትም፣ ሲስቅ አላማራትም። ሴቶችን ምን ያደርጓቸዋል?

መገርሳ


ቴሌግራም
ከነቀምት፣ ጥር 13 ቀን 1958 ዓ.ም.
ለአቶ መገርሳ፣ መዝገብ ቤት፣ አዲስ አበባ

ዋጋሪን አሁኑኑ አግኘው። ብቻውን አትተወው። ራስህን ልታጠፋ ነው ወይ ብለህ ጠይቀው። ደብዳቤ በመሸሻ ይደርስሃል። ድርቤ


ነቀምት፣ ጥር 13 ቀን 1958 ዓ.ም.

መገርሳ፣

መሸሻ ሞተር አስነሥቶ በር ላይ ጡሩምባ እየነፋ ይጠብቀኛል፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። ስልክ ብጠይቅ መሥመሩ ተይዟል፣ ለነገ ተመዝገቡ አሉኝ። ነገ የሚባል ነገር አልወደድኩም፤ ቴሌግራሙን አስቀድሜ ይህን አስከተልኩ።

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ሲደርስ ቀለሟ እግሬን እያየች ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ፊቱ በርቷል፣ ሳቀ፣ አመሰገነ» ስል እጇን ከእግሬ ላይ አነሣች። «ኮቱንና የአባቱን ሰዓት የላከው ከዚህ በፊት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ይቅርታ የለመነበትም?» አዎ። «ገንዘብ የመለሰበትም?» አዎ አልኩሽ፣ ምን ልትዪ ነው? «እትዬ ድርቤ፣ ይሄ ልጅ እየተሰናበተ ነው» አለችኝ።

አየህ፣ አንተ ዘንድ ግማሹ ነበር፣ እኔ ዘንድ ግማሹ። እኔ ኮቱን አይቼ ሃሌ ሉያ አልኩ፤ አንተ ሳቁን አይተህ ዳነ አልክ። ኮቱንና ሳቁን አንድ ላይ ያየ ማንም አልነበረም።

ቀለሟ ያለችኝን ስማ። የሞትን ስም ብጠራ አስታውሰዋለሁ ብለህ አትፍራ፤ ካሰበ ቀድሞ አስቧል፣ ብትጠይቀው ሸክሙን ታካፍለዋለህ እንጂ አትጨምርበትም። አትቆጣው፤ «አንተ ምን ጎደለህ? ስንቱ ተርቦ» እንዳትለው፤ አፍህ ላይ እንዳለች አውቃለሁ። ምክር አታብዛ፣ ስማው። ምሥጢር ጠብቅልኝ ካለህ «ይህን አልጠብቅም፤ ከመጥፋትህ መቀየምህ ይሻለኛል» በለው። ራሱን ሊጎዳበት ያሰበው ነገር ካለ ከአጠገቡ አርቀው። ሐኪም ዘንድ ራስህ ይዘኸው ሂድ፤ አድራሻ ሰጥተህ አትላከው።

እግሬ ባይታሰር በዚሁ አውቶቡስ እመጣ ነበር። አሁን እግሬ አንተ ነህ።

ድርቤ


አዲስ አበባ፣ ጥር 15 ቀን 1958 ዓ.ም.

እትዬ ድርቤ፣

ሰላምታው ይቆየኝ። ልጁ አለ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ እሱ ከጎኔ ፍራሽ ላይ ያንኮራፋል። የሺወርቅ በሩ ላይ በርጩማ አስጠግታ ጥጥ ትፈትላለች፤ ድመት እንኳ ሳትፈቅድላት አታልፍም።

ቴሌግራሙን ቢሮ ተቀበልኩ። ባርኔጣዬን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ነው የወጣሁት። ማደሪያው ስደርስ የክፍል ጓደኛው ሽብሩ ደጅ አገኘኝ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። «እንኳን መጡ፣ ጋሼ። መጽሐፎቹን በሙሉ ሰጠኝ። ልቤ ፈራ፤ ግን ለማን እንደሚነገር አላወቅሁም» አለኝ።

ዋጋሪ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ክፍሉ ሰው የለቀቀው ይመስላል። እንግዲህ ምን እንዳልኩት ቢሰሙ ይስቁብኛል። በመጀመሪያ ስለ ብርዱ አወራሁ። ቀጥዬ ስለ አውቶቡስ ታሪፍ። ከዚያ ላሚቱ መውለጃዋ እንደ ደረሰና ጥጃው ወይፈን ይሆናል ብዬ እንደማስብ በሰፊው አስረዳሁት። እሱ ጨዋ ነው፣ ይሰማኛል። ቴሌግራሙ ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠለኝ። «ዋጋሪ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» አልኩት። ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ከላሚቱ ተነሥተህ እዚህ እስክትደርስ መሸ እኮ» አለኝ። ፈገግ ሊል ሲል ከንፈሩ እንቢ አለውና አለቀሰ። «አዎ» አለ። ያቺን ቃል ሲያወጣ ከትከሻው ጆንያ የወረደለት መሰለ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ይህን ለመሥሪያ ቤቴ ሰዎች አይንገሩብኝ።

እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቷል። መጽሐፍ ሲገልጥ ፊደሉ አይገባውም። አእምሮዬ ባዶ ቤት ሆነብኝ፣ ስጮህ የራሴ ድምፅ ነው የሚመልስልኝ ይላል። በኋላ ስለ ሳቁ ስጠይቀው «ያን ዕለት የሳቅሁት ቆርጬ ስለነበር ነው። ስቆርጥ ቀለለኝ» አለኝ። እኔ ይህን ነው የምሥራች ብዬ የጻፍኩልዎ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ መጻፉ ከብዶኝ ነበር፣ ግን ካሁን ወዲህ ምሥጢር የሚባል ነገር ፈርቻለሁ። «ለምን ለአዳዳ አልጻፍክላትም?» ብለው እንዲህ አለኝ፦ «ለአዳዳ የሚጻፍ ደብዳቤ የታለና? ለጉባኤው ነው የሚጻፈው። ወደቅሁ ብዬ ብጽፍ ኦቦ ዱቤ ፊት ይነበባል። መኖር አቃተኝ ብዬስ ብጽፍ፣ ከመዝሙሩ በፊት ነው ከመዝሙሩ በኋላ የሚነበበው?»

ትናንት ሐኪም አይቶታል። ረጋ ያለ ሰው ነው። «በሽታ ነው፤ ስንፍናም ኃጢአትም አይደለም፤ ይድናል። ቶሎ ግን አይድንም» አለን። ክኒኑን የሺወርቅ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ይዛለች፤ በሰዓቱ አንድ አንድ እየፈታች ትሰጠዋለች። ጠበሉንም አመጣች። ሐኪሙን «ይከለከላል?» ብላ ጠየቀችው። «ክኒኑን እስካላስቆመ ይጠጣ» አላት። ጴንጤው ልጅዎ ጠበል ጠጥቷል፤ ይቅር ይበሉን።

መገርሳ


ነቀምት፣ ጥር 25 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ዓይኔ፣ እግሬ መገርሳ፣

ለየሺወርቅ ምስጋናዬን አድርስልኝ፤ ገለቶሚ በልልኝ። ጠበሉን ይጠጣ፤ አምላካችን ዋቅዮ የአማርኛውንም የኦሮምኛውንም ውሃ ያውቃል።

ልጁ ያለውን አንብቤ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ፊቴን ታጠብኩና «ወንበሬን አንሡ» አልኩ። መጀመሪያ ስልክ ቤት ተወሰድኩ፤ አንተ ልጁን በስልክ እንዲያነጋግረኝ ቢሮህ ያመጣኸው ዕለት ማለቴ ነው። ምን እንደ ተባባልን የእሱና የእኔ ነው፤ አንተም አትሰማም። ለጉባኤው ምን ልናገር ብዬ አስፈቀድኩት። «እውነቱን ንገሪያቸው፣ ግን አጠር አድርጊው» አለኝ። እኔ ማሳጠር የማውቅ ይመስል!

እሑድ ሰዉ ወረቀት ሲጠብቅ ባዶ እጄን አሳየሁ። «ከዛሬ ጀምሮ የዋጋሪ ደብዳቤ የድርቤ ነው» አልኩ። «ልጃችን ታሟል። ሕመሙ የሐሳብ ነው፤ ሊሞት ነበር፣ ደረስንለት። ኮቱን ሲሰጥ ያጨበጨብነው እየተሰናበተን ሳለ ነው፤ ከሁሉ አስቀድማ ያጨበጨበችው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ኦቦ ዱቤ ተነሣ። «ይህ የሐኪም ነገር አይደለም፣ ጋኔን ነው። ጾም ጸሎት ይታወጅ» አለ።

«ይታወጅ፤ ጸሎት ማን ጠላ?» አልኩት። «ግን ኦቦ ዱቤ፣ ዐምና ወባ ሲያንቀጠቅጥህ ክኒን ስትውጥ ውሃ ያቀበልኩህ እኔ አይደለሁም? ያን ጊዜ ጋኔኑ ትንኝ ሆኖ ነበር የመጣው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዱቤ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ እሱም ጢሙ ውስጥ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ማታውን መጥቶ ጸለየልኝና «ሲመጣ ምን ልበለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አካም ጅርታ በለው፤ መልሱን ደግሞ እስኪጨርስ ጠብቀው» አልኩት። ሰባኪነቱ ተሰርዟል።

ሐኪሙ ሲፈቅድ ላክልኝ። ትምህርቱ የትም አይሄድም፤ መጽሐፍ እግር የለውም።

ድርቤ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

እትዬ ድርቤ፣

ዝም ያልኩት ነገሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲል ስለነበረ ነው፤ ሲጠራ ልጽፍ ብዬ። አይጠራም፤ አሁንም ደመናና ፀሐይ ነው። በየካቲት አጋማሽ አገረሸበት። አንድ ጠዋት ራሱ መጥቶ «ጋሼ፣ ያ ሐሳብ ተመልሶ መጣ» አለኝ። እንዲህ ብሎ መንገሩ ከዚያ ሳቁ ይልቅ ደስ አሰኘኝ። ወዲያው ሐኪሙ ዘንድ ሄድን፣ መድኃኒቱ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ይተኛል፤ ጭኮም ይሰርቀኛል።

ዩኒቨርሲቲው በሐኪም ወረቀት ፈቃድ ሰጥቶታል፤ በመስከረም ካለበት ይቀጥላል። ነገ በመሸሻ አውቶቡስ ይመጣል። ሽብሩ እስከ ባኮ አብሮት ይጓዛል፤ «ሥራ አለኝ» አለ እንጂ ባኮ ምንም ሥራ የለውም፣ አውቄበታለሁ። ዋጋሪ መድኃኒቱን ለሲስተር ቀለሟ ያስረክባል።

መገርሳ


ነቀምት፣ ግንቦት 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድሜ መገርሳ፣

ይህ ሲደርስህ ዋጋሪ በስልክ የሚነግርህን ሁሉ አድርገህ ጨርሰህ ይሆናል። ያም ሆኖ አመጣጡን ልንገርህ፤ ወሬ ሳልጨርስ መቅረት አልችልም።

እግሬ ድኗል፣ ሱቄን ከፍቻለሁ። ከጨርቁ ይልቅ ግን ሌላ ገበያ ደርቶልኛል። ያን እሑድ ከተናገርኩ ወዲህ ልጃቸው ከቤት ርቆ የሚማርባቸው እናቶች ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ። «ድርቤ፣ እስቲ እይልኝ፣ ደኅና ነው?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ? ግን ዋጋሪ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጧል፤ ያነብልኛል። ክፉ ቀን ሲመጣበት አይነጋገርም፣ እኔም አልጎተጉተውም፤ አብሬው ቁጭ እላለሁ። ደግ ቀን ሲሆን ይቀልዳል። ከኡኬ የመጣችውን ሴትዮ የልጇን ደብዳቤ አንብቦ «ይሄ አላዘነም፣ እማማ፣ ሰንፏል» አላት። ሌላዋን «ይሄኛውማ ፍቅር ይዞታል፤ ሐኪም አያስፈልገውም፣ ቀለበት ግዢ» አላት። እየሳቁ ይሄዳሉ።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ማዘንጊያ ከጊዳ አያና መጣች። አባቷ ከጎጃም መጥተው አያና የከተሙ ገበሬ ናቸው። ልጇ ሀብተጊዮርጊስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። እሷ እንኳን ጭንቅ ይዟት አልመጣችም፤ ደስ ብሏት ክር ልትገዛ ነው የመጣችው። «ልጄ አሰበልኝ፣ እዩት» ብላ ደብዳቤውን ሰጠችን። «እማዬ፣ ለእኔ ብለሽ በሬውን እንዳትሸጪው። ከእንግዲህ ወጪ አልሆንብሽም። እስከ ዛሬ ለደከምሽው እግዜር ይክፈልሽ» ይላል።

ዋጋሪ አንዴ አነበበ። እንደገና አነበበ። «ማደሪያው የት ነው? የክፍሉ ቁጥርስ?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፦ «አዳዳ፣ ላይሆንም ይችላል። ግን መጠየቅ አለበት፤ ዛሬ።»

እሷ «ምን አገኛችሁበት?» ብላ ክሩን ጣለችው። ዋጋሪ እጇን ይዞ በዝግታ አስረዳት፤ አልዋሻትም፣ አላስደነገጣትምም። እኔ ከጎኑ ቆሜ የወንድሜን ልጅ እንደ አዲስ ሰው አየሁት። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ ወደ ስልክ ቤት ሄደ። ማዘንጊያም ተከተለችው። መሥመሩ ተይዟል ሲሉት «እጠብቃለሁ» ብሎ በር ላይ ተቀመጠ አሉ።

እኔ ይኸው ሱቅ ውስጥ ነኝ። መልሱን ሳልሰማ ደንበኛ አላስተናግድም።

ድርቤ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 13 ቀን 1958 ዓ.ም.

እትዬ ድርቤ፣

ትናንት የዋጋሪ ስልክ ሲደርሰኝ ወጥቼ ሄድኩ። አለቃዬ «አሁን ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለኝ። «የጊዳ አያና» አልኩት።

ሀብተጊዮርጊስን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አያውቀኝም። እኔም ስለ ላሚቱ አላወራሁም። «መገርሳ እባላለሁ፤ እናትህ ደኅና ናት» አልኩት፤ ከዚያም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዋጋሪን የጠየቅሁትን ጠየቅሁት።

ቀስ ብሎ ዞረ። «ማን ነገረዎት?» አለኝ።

«ደብዳቤህን ያነበበ ልጅ» አልኩት። «ባለፈው ጥር እዚሁ ግቢ፣ እንደዚህ ባለ አልጋ ላይ አግኝቼው ነበር።»

«አሁን የት ነው?»

«ነቀምት፣ ስልክ ቤት በር ላይ። ከእናትህ ጋር ተቀምጦ ያንተን መልስ ይጠብቃል።»

ጣሪያውን አየ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ተምሬያለሁ። ከዚያ ተነሥቶ ቁጭ አለ፤ እግሩን አወረደ፤ በእጁ ወለሉን እየዳበሰ ከአልጋው ሥር ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ወንድምሽ መገርሳ